ቀስቱ የታል?

ዛሬም እንደ ወትሮው ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥት ወይም ስለ ኑሮ ውድነት የምጽፍ መስሏችሁ ወደዚህ ገጽ የመጣችሁ ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የዛሬው ጉዳዬ የቪዲዮ ጨዋታ ነው። «ዶክተሩን ደግሞ ምን ነካው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በአገራችን አንድ የጎለመሰ ሰው፣ ያውም ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ ስለ ጌም ሲያወራ መስማት የንስሓ አባትን ስታዲየም ካታንጋ ላይ ሲጨፍሩ ከማየት የማይተናነስ ጉድ ነው። ሆኖም ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ ሰንብቼ ከዘወትር ጉዳያችን ያን ያህል የራቀ ሆኖ ስላላገኘሁት ለመጻፍ ደፈርሁ።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶበት ቤት የዋለው የአሥራ አራት ዓመት ልጄ «ኦብሊቪየን» የተባለውን ጨዋታ ይጫወት ነበር። ይህ ጨዋታ መጀመሪያ የወጣው በ2006 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ2025 መልኩ ታድሶ እንደገና ለገበያ ቀርቧል። ልጁ አድናቆቱን ሲደረድር ሰማሁና፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ «ይህማ ምኑ ነው! ታላቅየውን ባየኸው» አልሁት። አፌ ካመለጠኝ በኋላ ማፈግፈግ ስላልፈለግሁ በ2002 የወጣውን «ሞሮዊንድ» በአሮጌው ላፕቶፔ ላይ ጫንሁለት።

«ሞሮዊንድ» የሚጀምረው እንዲህ ነው። እስረኛ ሆነህ በመርከብ ወደ አንዲት ትንሽ ወደብ ትመጣለህ። የሕዝብ ቆጠራና የቀረጥ ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች ስምህን፣ ዘርህንና ሙያህን ጠይቀው ይመዘግቡሃል። (መታወቂያ ላይ ብሔር መጻፍን ያሰብነው እኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ!) ከዚያም አንድ የታሸገ ጥቅል ያስረክቡህና፣ ባልሞራ ወደምትባል ከተማ ሄደህ ኬየስ ኮሳደስ የተባለ ሰው እንድትፈልግ፣ አድራሻውንም እዚያ ባለ አንድ መጠጥ ቤት እንድትጠይቅ ነግረውህ በሩን ይከፍቱልሃል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም።

ልጄ ከበሩ ወጥቶ ቆመ። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ። ሁለት ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ።

«አባዬ፣ ቀስቱ የታል?»

«የምን ቀስት?»

«የት እንደምሄድ የሚያሳየኝ ነዋ!»

«የለም። ሰው ጠይቅ።»

«ማንን?»

«ያገኘኸውን።»

የአእምሮዬን ጤንነት በተጠራጠረ ዓይን ተመለከተኝ። እኔም ከዚያች ዕለት ጀምሮ ስለዚህች ቀስት ሳስብ ሰነበትሁ።

ለማያውቁት ላስረዳ። የሚና ጨዋታ፣ በተለምዶ «ሮል ፕሌይንግ ጌም» የሚባለው፣ ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ፣ ችሎታውንና ጠባዩን ራሱ ወስኖ፣ በአንድ በተፈጠረ ዓለም ውስጥ የሚኖርበት ነው። ከሌላው የጨዋታ ዓይነት የሚለየው ተኩሱና ሩጫው አይደለም፤ ምርጫው ነው። «እኔ ማን ልሁን? ለማን ልወግን? ማንን ልካድ?» የሚሉትን ጥያቄዎች ተጫዋቹ በሥራው ይመልሳል። ልጄ የጠየቀኝ ቀስት ከማያ ገጹ ላይ ባለው ኮምፓስ ተቀምጣ መድረሻህን ሳታሳልስ የምትጠቁም ምልክት ናት። በ«ሞሮዊንድ» አልነበረችም። በተከታዩ በ«ኦብሊቪየን» መጣች፤ ከእርሱ ቀጥሎ በ2011 በወጣው በ«ስካይሪም» ደግሞ ከነጭራሹ የማይኖሩባት ነገር ሆነች። ሦስቱም «ዘ ኤልደር ስክሮልስ» የተባለው ተከታታይ ልጆች ናቸው፤ ከእነርሱ በፊት የ1994ቱ «አሬና» እና የ1996ቱ «ዳገርፎል» ነበሩ።

እኔ «ሞሮዊንድ»ን የተዋወቅሁት የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ በተቀዳ ሲዲ ነው። (የአእምሯዊ ንብረት ሕግ የሚያስተምሩ ባልደረቦቼ ይቅር ይበሉኝ።) የጨዋታው ሰዎች ከአጭር ሰላምታ በቀር በድምፅ አይናገሩም፤ የሚሉትን ሁሉ በጽሑፍ ነው የምታነበው። አንዱ «ወንዙን ተከትለህ ወደ ሰሜን ሂድ፣ ሁለተኛውን ድልድይ ስታልፍ በስተግራ ትልቅ ድንጋይ ታያለህ» በሚለው ዓይነት ይነግርሃል። እኔም በአንድ ደብተር ላይ እጽፍ ነበር፤ ለማላውቀው የእንግሊዝኛ ቃል መዝገበ ቃላት፣ ለመንገዱ ደግሞ በእጄ የሣልሁት ካርታ ነበረኝ። መብራት በጠፋ ቁጥር የሄድሁበት መንገድ ሁሉ እንደ ጉም ይተናል፤ ደብተሩ ግን ይቀራል። የሚጠቁሙኝ ሰዎች አንዳንዴ ያሳስቱኝ ነበር። ተሳስቼ የደረስሁባቸው ዋሻዎች ታዲያ ከተላክሁባቸው ይልቅ ዛሬ ድረስ ትዝ ይሉኛል።

ከሁሉ የማይረሳኝ ከመጀመሪያዋ መንደር አጠገብ፣ ከመንገዱ ወጣ ብሎ፣ ሞቶ የተጣለ አንድ ሰው ነው። ፈልገህ አግኘው ብሎ የላከኝ ማንም የለም፤ እንዲሁ ስዞር ነው ያየሁት። ቀረብ ብዬ ስፈትሸው የመንደሩ ግብር ሰብሳቢ ኖሯል፤ 200 የወርቅ ሳንቲምና የግብር መዝገብ ይዟል። ገንዘቡን ኪሴ ከትቼ ዝም ማለት እችል ነበር። ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄጄ ማስረከብም እችል ነበር። ገዳዩን ሳፋልግ ደግሞ ሟቹ በድሃው ላይ ግብር እያበዛ ራሱ የሚንደላቀቅ ሰው እንደነበር የሚናገር ሰው ገጠመኝ። አሁን ገዳዩን አሳልፎ መስጠት ፍትሕ ነውን? ጨዋታው አልመለሰልኝም። በዩኒቨርሲቲ ስለ ፍትሕ ያነበብሁት ሁሉ በዚያች ምሽት ብዙም አልረዳኝም።

«ሞሮዊንድ» ፖለቲካዊ ሥራ ነው ብዬ ስናገር እያጋነንሁ አይደለም። አገሩ በግዛተ መንግሥት የተያዘ ነው፤ ግዛተ መንግሥቱ ግን አገሩን የያዘው በስምምነት ስለሆነ የባሪያ ንግዱን እያየ ዝም ይላል። ሦስት ታላላቅ ቤቶች ሥልጣን ይሻማሉ፤ የአንዱ አባል ከሆንህ የሌሎቹ በር ይዘጋብሃል። ካህናቱ ያመልኩአቸው የነበሩት ሕያዋን አማልክት ምስጢር አላቸው፤ ያንን ምስጢር የተናገሩ ካህናት ተሰደዋል። አንተ ራስህ በትንቢት የተነገርህ ነጻ አውጪ ልትሆን ትችላለህ። ወይም ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ትንቢቱን ለራሱ ጥቅም ሊያውል የላከህ፣ የልደት ቀንህ የገጠመ ተራ እስረኛ ነህ። ከአንተ በፊት ተነሥተው የወደቁ ብዙ «ነጻ አውጪዎች» ነበሩና።

በማኅበራቱም ውስጥ ሹመት በችሎታ ነበር። የጠንቋዮች ማኅበር አለቃ ለመሆን ድግምቱን በተጠየቀው ደረጃ ማወቅ ግዴታህ ነው፤ ካልቻልህ «ገና ነህ» ተብለህ ትመለሳለህ። በ«ስካይሪም» ዘመን ግን እዚህ ግባ የማይባል ጥቂት ድግምት የሚያውቅ ባለ መጥረቢያ ተዋጊ ተከታታይ ተልእኮዎችን ስለፈጸመ ብቻ የኮሌጁ የበላይ ጠንቋይ ሆኖ ይሾማል። ሹመቱን ማንም አይቃወምም፣ የሚያጉረመርም አስተማሪ እንኳ የለም። (በዚህ ነጥብ ላይ «ስካይሪም» ከእውነታ ራቀ ብዬ ለመክሰስ፣ የምሠራበትን ዓለም ሳስብ፣ ድፍረቱ የለኝም።)

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ«ሞሮዊንድ» ውስጥ ማንንም መግደል ይቻላል። ለታሪኩ የግድ የሚያስፈልግ ሰው ገድለህ ከተገኘህ አንድ መልእክት ይወጣል፤ የትንቢቱ ፈትል እንደተበጠሰ፣ ከፈለግህ ወደ ቀደመው መመለስ እንደምትችል፣ ካልፈለግህም በገዛ እጅህ ባጠፋኸው ዓለም ውስጥ መኖር እንደምትችል ያስታውቅሃል። ይህን መልእክት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ዕለት ወንበሬ ላይ ድርቅ ብዬ ቀረሁ። የሚገርመው ነገር በዚያ በተበላሸ ዓለም ውስጥም ሥራውን ከዳር የሚያደርስ የጓሮ መንገድ መኖሩ ነው። ሕያው አምላክ የሚባለውን ቪቬክን እንኳ ገድለህ፣ ከእጁ ያለውን ጥንታዊ መሣሪያ ወስደህ፣ በሕይወት ወዳለው የመጨረሻው ድዌመር ዘንድ ብትሄድ ጨዋታው ይቀጥላል። የሠሩት ሰዎች ሰው ያጠፋል፣ አጥፍቶም መንገድ ይፈልጋል ብለው አስቀድመው አስበዋል ማለት ነው።

በ«ኦብሊቪየን» ግን ለታሪኩ የሚያስፈልጉ ሰዎች የማይሞቱ ሆኑ። በሰይፍ ትመታዋለህ፣ ይወድቃል፤ ጥቂት ቆይቶ አቧራውን አራግፎ ይነሣል። በ«ስካይሪም» ደግሞ ይንበረከካል፣ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ሥራው ይመለሳል። የማይነኩ ሹማምንት የሚባለውን ነገር በኮምፒዩተር ተሠርቶ ያየሁት ያኔ ነው። ጨዋታው «ማድረግ የፈለግኸውን ሁሉ አድርግ» ይልሃል፤ ያደረግኸው ነገር አንዳች እንዳያመጣ ግን አስቀድሞ ጨርሶታል።

በዚያው በ«ኦብሊቪየን» ጠላቶችህ ሁሉ ከአንተ ጋር እኩል እንዲያድጉ ተደርገዋል። ሐሳቡ ተጫዋቹ የትም ቢሄድ ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር እንዳይገጥመው ነው። ውጤቱ ግን የሚያስቅ ሆነ፤ አንተ ኃያል ስትሆን ጫካ ውስጥ የሚያደባው ሽፍታም በብዙ ሺህ የሚገመት የመስተዋት ጥሩር ለብሶ ብቅ ይልና «100 የወርቅ ሳንቲም አምጣ!» ይልሃል። አንተ ሰውዬ፣ ጥሩርህን ብትሸጠው ዕድሜ ልክህን ትቀለብበት የለምን? በ«ሞሮዊንድ» ግን ያለ ዝግጅት የገባህበት መቃብር ይገድልሃል። ትሸሻለህ፤ ከወራት በኋላ ተመልሰህ ትበቀላለህ። በዚያ ዓለም ኃይል ማለት ትርጉም ነበረው፣ ዓለሙ ከአንተ በፊትም የነበረ፣ ለአንተ ሲል የማይለወጥ ነበርና።

እንዲህ ሆነ እንጂ ተከታዮቹ ክፉዎች ናቸው ማለቴ አይደለም። «ስካይሪም» በረዷማ ተራሮቹን ይዞ እስከ ዛሬ ከተሠሩት ውብ ዓለማት አንዱ ነው፤ የጄረሚ ሶል ዜማ ሲጀምር ሥራዬን አቁሜ የማዳምጥ ሰው ነኝ። የእርስ በርስ ጦርነቱም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። አማፂው ኡልፍሪክ ስለ አገሩና ስለ አምልኮቱ ነጻነት ይጮኻል፣ በከተማው ግን የሌሎች ዘሮች ሰዎች በንቀት ይታያሉ፤ የግዛተ መንግሥቱ ወገን ደግሞ ሰላምን ይሰብካል፣ ሰላሙን የገዛው ግን የሕዝቡን አምላክ በውል አሳልፎ ሰጥቶ ነው። ይህን የጻፈ ሰው ፖለቲካ የገባው ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ተደክሞ ጦርነቱ ሲያልቅ ምን ይለወጣል? ተሸናፊው ገዢ ይሰደዳል፣ ሌላው በወንበሩ ይቀመጣል፣ የዘበኞቹ ልብስ ይቀየራል፤ ገበያው፣ ዋጋው፣ የሰዉ ወሬ እንደነበረ ይቀጥላል። አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው «ይህማ ጉድለት አይደለም፣ የታሪክ ትምህርት ነው» ብሎ አሳቀኝ።

ለመሆኑ ይህ ለውጥ ከየት መጣ? «ድሮ ጥበበኞች ነበሩ፣ ዛሬ ነጋዴዎች ናቸው» ማለት ቀላል ነው፤ እውነት ግን አይደለም። የ«ሞሮዊንድ»ም የ«ኦብሊቪየን»ም ዋና ንድፍ አውጪ አንድ ሰው ነው፣ ኬን ሮልስተን። የተለወጠው ሰዎቹ የቆሙበት መሬት ነው። «ሞሮዊንድ» በተሠራበት ጊዜ ኩባንያው የ1997ቱ «ባትልስፓየር»ና የ1998ቱ «ሬድጋርድ» ገበያ ላይ ሳይሳካላቸው ቀርተው ጭንቅ ላይ ነበር። የሚያጣው ነገር የሌለው ሰው ደፋር ነው። ከተሳካለት በኋላ ግን የሚያጣው ነገር ይበዛል፣ ጥንቃቄውም ይበዛል። «ስካይሪም» ከ60 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል፤ ለስልሳ ሚሊዮን ሰው የሚዘጋጅ ማዕድ ላይ በርበሬ ማብዛት የሚደፍር ወጥ ሠሪ አይገኝም። በረሃ ሳለ ሁሉን የሚደፍር፣ ቤተ መንግሥት ሲገባ ግን ምንጣፉ እንዳይቆሽሽ የሚጨነቅ ታጋይ እኛም እናውቃለን።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ እርሱም ድምፅ ነው። በ«ኦብሊቪየን» ሁሉም ሰው በድምፅ ይናገራል። ንጉሠ ነገሥቱን ፓትሪክ ስቱዋርት፣ ወራሹን ሾን ቢን ተጫውተውታል፤ የቀረውን ሕዝብ ግን ጥቂት ተዋንያን ስለተከፋፈሉት ለማኙና ሹሙ በአንድ ጉሮሮ ሲያወሩ ትሰማለህ። ጽሑፍ ርካሽ ነው፤ ድምፅ ግን ውድ ነው፣ አንዴ ከተቀረጸ በኋላ ድንጋዩን ከግራ ወደ ቀኝ ብታዛውረው እንደገና መቅረጽ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሰዎቹ ንግግራቸው አጠረ፣ መንገድ መጠቆማቸውንም ተዉ። በእነርሱ ፈንታ ቀስቷ ትጠቁም ጀመር። እንግዲህ ቀስቷ የመጣችው ተጫዋቹን ለመናቅ ታስቦ ሳይሆን ወጪ ለመቆጠብም ጭምር ነው ማለት ነው። ብዙ ነጻነቶች የሚጠፉት በጠላት እጅ ሳይሆን በሒሳብ ሹም እጅ ነው።

«ቀስቷን ካልወደድህ ለምን አታጠፋትም?» የሚሉኝ አሉ። ሞክሬዋለሁ። በ«ስካይሪም» ቀስቷን ያጠፋ ሰው መንገዱን የሚያውቅበት ሌላ ነገር አያገኝም። ማስታወሻው «ወደ እገሌ ዋሻ ሂድ» ይላል እንጂ ዋሻው የት እንዳለ አይናገርም፤ የላከህም ሰውዬ ብትጠይቀው የሚመልስልህ ቃል አልተጻፈለትም። በጎዳናው ላይ ያለውን ሕዝብ ሁሉ ዲዳ አድርጎ ከጨረሰ በኋላ «እኔን ካልፈለግኸኝ ሰው ጠይቅ» እንደሚል መሪ ናት፣ ያቺ ቀስት።

እዚህ ላይ የኩባንያው ስም ሁልጊዜ የሚያሳስበኝን ነገር ልናገር። «ቤተስዳ» ይባላል፤ በ1986 ከተመሠረተባት፣ በሜሪላንድ ካለችው ከተማ የተወሰደ ስም ነው። የከተማዋ ስም ደግሞ ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣ ሲሆን በእኛው መጽሐፍ ቤተ ሳይዳ የምንላት መጠመቂያ ናት። መጻጉዕ ሠላሳ ስምንት ዓመት በሕመም ተይዞ፣ ውኃው ሲናወጥ አንሥቶ የሚያስገባኝ ሰው የለኝም እያለ የተኛባት ስፍራ! የአሁኖቹን ጨዋታዎች ስጫወት መጻጉዕ የሆንሁ ይመስለኛል። ልዩነቱ፣ እኔ እግሬ ደኅና ሆኖ ሳለ አንሥተው የሚያስገቡኝ ሰዎች መብዛታቸው ነው።

የትዝታ ምርኮኛ ነህ የሚለኝ ሰው ከፊል እውነት አለው። «ሞሮዊንድ» በወጣ ጊዜ የ«ዳገርፎል» አፍቃሪዎች ዛሬ እኔ የምለውን ብለው ነበር። «ዳገርፎል» ከ15 ሺህ የሚበልጡ ከተሞች፣ መንደሮችና ዋሻዎች የነበሩት፣ በስፋቱ ከታላቋ ብሪታንያ ጋር ይነጻጸር የነበረ ዓለም ነው። «ሞሮዊንድ» ያን ሁሉ ወደ አንዲት ደሴት አጠበበው፤ ግድግዳ መውጣቱ ቀረ፣ የፍጥረታቱን ቋንቋዎች መማሩ ቀረ። አባቶች ቢያጉረመርሙ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን የዚያኛው መጥበብና የዚህኛው መጥበብ አንድ አይደሉም። ያኛው በኮምፒዩተር ስሌት የተዘራውን በረሃ ትቶ እያንዳንዱን ድንጋይ በእጅ ያስቀመጠ መጥበብ ነው፤ የተጫዋቹን ኃላፊነት ግን አልነካም። በ«ሞሮዊንድ» 27 የነበሩት ክህሎቶች በ«ኦብሊቪየን» 21፣ በ«ስካይሪም» 18 መሆናቸውም ብቻውን አያስቆጨኝም፤ ቁጥር ቁጥር ነው። ተከታይ ሥራ የግድ መለወጥ አለበት። እኔን የሚያሳስበኝ ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ መልስ ማጣቱ ነው። ማጥፋት የማይችል ሰው ጥሩ ሠራ ብሎ ማመስገንም ያስቸግራል።

«ገበያው ያስገድዳል» የሚለውም ሰበብ ብዙ አያስኬድም። «ፎልአውት» የተባለውን ሌላ ተከታታይ እንመልከት። የ1997ቱ መጀመሪያው ክፍል የመጨረሻውን ባላንጣ በጥይት ሳይሆን በማስረጃ እንድትረታው ይፈቅድልህ ነበር፤ የፈጠራቸው አዲሶቹ ፍጥረታት መውለድ እንደማይችሉ ካሳመንኸው ዓላማው ሁሉ ከንቱ መሆኑን አይቶ ራሱን ያጠፋል። እኔ እስከ ዛሬ በየትኛውም ፓርላማ በማስረጃ የተረታ ሰው አላየሁም። የ2015ቱ አራተኛው ክፍል ንግግሩን ሁሉ ወደ አራት አጫጭር አማራጮች ጨመቀው። በመካከላቸው ግን፣ በ2010፣ ኦብሲዲያን የሠራው «ኒው ቬጋስ» አለ፤ ያሳተመውም ይኸው ቤተስዳ ነበር። በዚያ ጨዋታ ከመሪዎቹ አንድም ሳታስቀር ብትገድል ሥራውን የሚያስጨርስህ አንድ ሮቦት ተቀምጦልሃል፤ ያው የ«ሞሮዊንድ» የጓሮ መንገድ ነው። በ2023 ደግሞ የቤልጂግ ኩባንያ የሆነው ላሪያን «ባልደርስ ጌት 3»ን አወጣ። ከሁለተኛው ክፍል ሃያ ሦስት ዓመት ርቆ የመጣ ተከታይ ነው፤ ውጊያውን ከነጭራሹ ወደ ተራ በተራ ለውጦታል፤ አንዳንድ የድሮ ወዳጆቹም በዚህ ተቀይመውበታል። የካርታ ምልክቶችም አሉት። ነገር ግን ያገኘኸውን ሰው ሁሉ ለማለት ይቻላል ብትገድል ታሪኩ ተሸክሞህ ይሄዳል፤ የገደልኸውን ሰው በድግምት አስነሥተህ ብትጠይቀው እንኳ ማን እንደገደለው ያውቅና አላነጋግርህም ይላል። ይህ ጨዋታ የዓመቱን ታላቅ ሽልማት ወስዷል፣ ገበያውንም አጥለቅልቆታል። ሕዝቡ አይገባውም ሲባል የኖረው ነገር ለሕዝቡ ገብቶት ተገኘ።

ከሙግቶቹ ሁሉ ጠንካራውን ያቀረበልኝ ግን ልጄ ነው። «አባዬ፣ አንተ ያኔ ጊዜ ነበረህ» አለኝ። «እኔ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ነው የምትፈቅድልኝ። አንዱን ሰዓት መንገድ ስፈልግ ላጠፋው ነው?» የምመልሰው አጣሁ። እውነቱን ነው። ሥራ ውሎ የደከመ ሰው፣ ሕፃን አስተኝታ ግማሽ ሰዓት ያገኘች እናት፣ ዋሻ ፍለጋ ጭቃ ሲያቦኩ ማምሸት የለባቸውም። ቀስቷ የምታገለግለው ሰው አለ፤ ትኑርለት። የእኔ ክርክር መጠየቅ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ የሚመልስለት አፍ ለምን ይዘጋል ነው። ተማሪዎቼ ፈተና ሲቃረብ «ከየትኛው ምዕራፍ ነው የሚወጣው?» ብለው ሲጠይቁኝ ያቺ ቀስት ፊቴ ላይ ድቅን ትላለች። እነርሱን መውቀስ አልችልም፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ቀስት አስለምደናቸው ነው የመጡት።

ይህን ከጻፍሁ በኋላ ጽሑፉን ላወጣው ስል ልጄ ወደ ጥናት ክፍሌ ገባ።

«አባዬ፣ ኬየስን ገደልሁት።»

«የቱን ኬየስ? መንገዱን ሁሉ የሚመራህን?»

«ዕቃውን ልወስድ ስል አየኝ። ተጣላን። አሁን ትንቢቱ ተበጠሰ ይላል።»

ወደ ቀደመው እንዴት እንደሚመለስ ላሳየው ተነሣሁ። «ተወው» አለኝ፣ «እንዲሁ ልቀጥል፤ ምን እንደሚመጣ ልይ።» የጓሮ መንገድ እንዳለ አልነገርሁትም።

ትናንት ማታ ሳልፍ በሩ ክፍት ነበር። የተፈቀደለት ሰዓት ካለፈ ቆይቷል፤ ያላየሁ ለመምሰል ሞከርሁ። ከፊቱ ደብተር ዘርግቶ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ነክሶ፣ በእርሳስ ወንዝ ይሥላል።

«ወዴት ነው?» አልሁት።

«አላውቅም» አለ ቀና ሳይል። «አንዲት ሴትዮ ከድልድዩ በስተቀኝ ብላኝ ነበር። ግን የዋሸችኝ ይመስለኛል።»